ከአሥራ ሁለቱ ሳጥኖች አምስቱ

ማክሰኞ ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በችግኝ ክፍሉ ውስጥና በደጃፉ አምስት ሰዎች ነበሩ። መርማሪው በሩ ላይ ቆሟል። ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ከኋላው ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ይጠብቃል። ሰፈሩ «አናጢው» የሚለው የቤቱ ባለቤት ደጅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል ቀብሯል። ከአጥር ማዶ ጽጌረዳ የሚያመርቱት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደግፈዋል። አምስተኛዋ የአናጢው ሚስት ናት። እሷ ከሲሚንቶ በተሠራው የውሃ ገንዳ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች፤ ነፍሷ ከወጣች ሰዓታት አልፈዋል።

ሟቿን ሁሉም ሰው «እትዬ» ነበር የሚላት፤ በዕድሜ የሚበልጧት ጎረቤቷ እንኳ ሳይቀሩ። ሥራዋ አንድ ብቻ ነበር። የደወል አበባን ከዘር ታሳድጋለች። ወገብ ድረስ የሚደርስ ቀጥ ያለ አገዳ፣ በአገዳውም ዙሪያ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ወይን ጠጅ፣ ነጭና ፈዛዛ ቀይ ደወሎች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደወሎች ሲከፈቱ ትቆርጠዋለች። ታናሽ እህቷ ትወስድና ከተማ መሀል ባለው ሱቋ በረጃጅም ማስቀመጫ አሰካክታ ትሸጠዋለች። ከተማው አበባውን የሚያውቀው በታናሺቱ ነው። «የደወሏ እመቤት» ብሎ ስም አውጥቶላታል። ታላቂቱን የሚያውቃት አፈሩ ብቻ ነበር።

መርማሪው አስከሬኑን ጎንበስ ብሎ አየ። ከራስ ቅሏ ኋላ ያለው ቁስል ከገንዳው ጠርዝ ጋር ይገጥማል። ሽማግሌው ወለሉ ርጥብ ነው፣ ተንሸራትታ ይሆናል አሉ። ሐኪሙ ግን ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሌላ ነገር አሳይቶት ነበር። ከአንገቷ በታች ግራና ቀኝ ሁለት ሰማያዊ ምልክት አለ፤ እያንዳንዱ የመዳፍ ስፋት ያህላል። ሰው ሲንሸራተት የገዛ ደረቱን አይገፋም። በየትኛው ሰዓት እንደሞተች ግን ሐኪሙም ቁርጡን መናገር አልቻለም። ክፍሉ ለዘሩ ሲባል ሞቆ የሚያድር ነው፤ እንዲህ ያለ ሙቀት አስከሬንን ያሳስታል።

ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። አሥራ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ተሰልፈዋል። እያንዳንዳቸው የቁጥር ምልክት ተሰክቶባቸዋል፤ በላያቸውም ብርጭቆ ተከድኗል። የአንደኛውን ብርጭቆ አነሣ። በጥቁሩ አፈር ላይ ነጭ ደቃቅ አሸዋ ተነስንሷል፤ በአሸዋው መካከል ትንፋሽ የሚበትነው ቡናማ ብናኝ ይታያል። ዘሩ እሱ ነው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እስከ ሰባተኛው እንዲሁ ነበሩ። ስምንተኛውን ሲከፍት አሸዋ የለም፤ ጥቁር አፈር ብቻ ነው፤ አፈሩም ጠብታ እንዳረፈበት ተቦርቡሯል። እስከ አሥራ ሁለተኛው ድረስ ያው ነው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አንሥቶ ከሥራቸው ዳበሰ። የሰባቱ ታች ርጥብ ነው። የአምስቱ ታች ደረቅ ነው።

«ምን አገኙ ጌታዬ?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«እኔ እንጃ። ስለ አበባ የማውቀው ለሚስቴ ሳልገዛላት መቅረቴን ነው። እነዚህን ሳጥኖች ግን ማንም እንዳይነካቸው።»

ሃምሳ አለቃው፣ አለቃው ሳጥን የሚቆጥርበት ምክንያት አልታየውም። እሱ ጨርሷል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሄ እኮ የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነው አለ። ሟቿ ልክ በስድስት ሰዓት መዝራት ጀምራለች፤ ባሏም ጎረቤቷም ይህን ይመሰክራሉ። አንድ ሳጥን ሩብ ሰዓት ይወስድባታል፤ ይህንን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። አሥራ ሁለት ሳጥን ሦስት ሰዓት ነው። አሥራ ሁለቱም ተዘርተዋል፤ እንግዲያው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሕይወት ነበረች። ታናሽ እህቷ አበባ ልትወስድ መጥታ ነበር፤ ግን በስምንት ሰዓት ከአሥር ወጥታ በስምንት ተኩል ሱቋ ደርሳለች። እስከ ማታ ከደንበኞቿ ፊት አልጠፋችም። አናጢው ከስድስት ተኩል እስከ ስምንት እንጨት መሸጫ ነበር፤ በስምንት ተኩል ተመልሷል። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የለም።

«በዚያ ላይ ይቀናል» አለ ሃምሳ አለቃው። «የአበባ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነው የተባለ ሰውዬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥቷል። ከሟቿ ጋር ሲሳሳቁ ታይተዋል። እሑድ ዕለት አናጢው "ያ ሰውዬ ዳግመኛ ይሄን ደጅ ቢረግጥ ውርድ ከራሴ" ብሎ ሲጮህ ሽማግሌው ሰምተዋል።»

መርማሪው አናጢውን አየው። ሰውየው ለምን በዘጠኝ ሰዓት ወደ ክፍሉ እንዳልገባ ሲጠየቅ፣ ስትዘራ ማንም አይገባም አለ፤ በር ሲከፈት የሚገባው ንፋስ ዘሩን ይበትንባታል። እስክትጠራው እንጨቱን ሲልግ ቆየ። ሳትጠራው ስትቀር በአሥራ አንድ ሰዓት አንኳኳ።

አመሻሹ ላይ ሃምሳ አለቃው አናጢውን ይዞት ሄደ። ረቡዕ ከሥራ ሰዓት በኋላ ወደ ዋናው ማረፊያ ቤት እንዲዛወር ተወሰነ። የሟቿ ቀብር ሐሙስ ከቀትር በፊት ነው።

ቅናትን መርማሪው በወሬ አይደለም የሚያውቃት። ታላቅ ወንድሙ በዚሁ ሙያ በሁለት ማዕረግ ይበልጠዋል። እናታቸው እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳ የምታወርደው የታላቅየውን ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እሱም በየጊዜው ፈገግ ብሎ ያያል፤ ፈገግታው ግን ከጥርሱ አያልፍም። ስለዚህ ሌሊቱን ያሰበው አናጢው ይቀናል ወይ አይቀናም ብሎ አልነበረም። በዚያች ሴት ላይ የማይቀና ማን ነበር ብሎ ነው።

ረቡዕ ጧት በሦስት ሰዓት ወደ አበባ ሱቁ ሄደ። መዝጊያው ግማሽ ተዘግቷል። ታናሽ እህት ጥቁር ለብሳ በውሃ ባልዲዎች መካከል ተቀምጣለች። በየባልዲው የደወል አበባ ቆሟል። እያለቀሰችም እጇ አላረፈም፤ ከአገዳው ታች ያሉትን ቅጠሎች ትመለምላለች፤ ነጩን ከወይን ጠጁ ጎን አቁማ ራቅ ብላ ታያለች። እጅ ነው የሚባል እጅ ነበራት። መርማሪው ይህን ሳያደንቅ አላለፈም።

እትዬ እኅቴ ብቻ ሳትሆን እናቴም ነበረች አለችው። ማክሰኞ በሰባት ሰዓት መጥታ አበባዋን ከችግኝ ክፍሉ ጎን ካለው ግሪንሃውስ ቆርጣ መኪናዋ ላይ ጫነች። ስትወጣ በበሩ መስታወት በኩል እጇን አውለበለበችላት። እትዬ አንገቷን ደፍታ ትዘራ ነበር።

«ስንተኛው ሳጥን ላይ ነበረች?»

«እኔ ምን አውቄ፣ አልቆጠርኩም። አሥራ ሁለቱን ሳትጨርስ ግን ከዚያ ክፍል እንደማትወጣ አውቃለሁ። እሳት ቢነሣ አትወጣም።»

ስለ ትምህርት ቤቱ ኃላፊ ሲጠይቃት ፊቷ ዳመነ። ሰውየው ሠልጣኞቹን የደወል አበባ አዘራር የሚያስተምርለት ሰው ፈልጎ መጀመሪያ የመጣው ወደ እሷ እንደነበር ነገረችው። ሥራ ስለበዛባት ወደ እትዬ ልካዋለች። ቅዳሜ እትዬን ጋዜጠኞች ባሉበት ሊያዘራት ነበር።

«ደስ አለዎት ብዬ ብጠይቅዎ?»

«ምን ማለት ነው? የእሷ ደስታ የእኔ ነው።» አንድ አገዳ አነሣች፤ መልሳ ባልዲው ውስጥ ከተተችው። «ብቻ እትዬ ሰው ፊት መናገር አትችልም። ሁለት ቃል ከተናገረች ሦስተኛው ይጠፋባታል። ለእሷው አስቤ ነው።»

መርማሪው ለመሄድ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ድንገት ትዝ እንዳለው ሰው ዞረ። «ይሄ አበባ እንዴት ነው የሚዘራው? እኔ ከሽንኩርት በቀር ዘርቼ አላውቅም።»

እንባዋን ጠረገች። ድምጿ ተለወጠ፤ ለደንበኛ የምትናገርበት ለስላሳ ድምፅ ሆነ። «እንደ ሕፃን ነው። በመጀመሪያ ለስላሳ አልጋ ይነጠፍለታል። ከዚያ ዘሩ ይተኛል። በላዩ ስስ የአፈር ብርድ ልብስ ይለብሳል። በመጨረሻ እንደ ካፊያ አድርጎ ከላይ ውሃ ማርከፍከፍ ነው። የቀረው ትዕግሥት ነው።»

«ያምራል» አለ መርማሪው። «እርስዎ ራስዎ ይዘራሉ?»

«ከእትዬ ጋር እኩል ነው የማውቀው። ደንበኞቼ ሁሉ ያውቃሉ።»

ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደ። አናጢው ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም። በአንድ ቀን ፊቱ ጎድጉዷል። መቅናቴን አልክድም አለ። ሰውየው ሲመጣ ሚስቱ እሱ የማያውቀውን ሣቅ ትስቅ ነበር፤ እሱ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ስለ አበባዋ አንድ ጥያቄ እንኳ ጠይቋት እንደማያውቅ ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። የተናደደው በራሱ ነበር። የጮኸው ግን በእሷ ላይ ሆነ።

«ስለ አበባ ምንም አያውቁም ማለት ነው?»

«ሳጥን እሠራለሁ። መጫኛውን ጣውላም የሠራሁላት እኔ ነኝ። ዘሩን ከአሸዋ ቀላቅላ ትነሰንሳለች፤ ከዚያ በጣውላው ጫን ታደርገዋለች። አለቀ።»

«አፈር አታለብሰውም?»

አናጢው ከተያዘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «አንድ ጊዜ ልብሴን ሳራግፍ የመጋዝ ብናኝ አንዱ ሳጥን ላይ ጣልኩባት። አንድ ማንኪያ አይሞላም እኮ ጌታዬ። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ። "አታፍንብኝ" ነው ያለችኝ።» ወዲያው ፈገግታው ጠፋ። «ልለምንዎ? ጥፋተኛ ነህ ካላችሁኝ በሉኝ። ግን ነገ ራሴ ልቅበራት። ዘመድ የላትም፤ እኔና እህቷ ብቻ ነን። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁበት ውሰዱኝ።»

ሃምሳ አለቃው፣ እሱን የሚወስደው መኪና በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል አለ። መርማሪው ሰዓቱን አየ። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር።

ጽጌረዳ አምራቹ ሽማግሌ በግሪንሃውሳቸው ውስጥ መቀስ ይዘው አገኛቸው። እንግዳ መቀበል አልፈለጉም። እኔ የጽጌረዳ ሰው ነኝ፣ ደወል የትምህርት ቤት ነው አሉ። መርማሪው ሣቀላቸው። ቀስ እያሉ ግን አፋቸው ተፈታ። በዚህ መንገድ ዳር አርባ ዓመት አበባ አምርተዋል። ከእሳቸው ጽጌረዳ በፊት ሰው የሚቆምበት ደጅ አልነበረም። እትዬ ከመጣች በኋላ መንገደኛው ሁሉ የእሳቸውን አልፎ እሷ ጋ አንገቱን ያሰግጋል።

«እርስዎም ደወል ሞክረው ነበር ይባላል።»

«ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እዚያ መደርደሪያ ላይ ባዶ የዘር ከረጢት አያለሁ፤ ሥዕሉ የጽጌረዳ አይመስልም።»

ሽማግሌው መቀሱን አስቀመጡ። «ሁለት ዓመት ሞከርኩ። ወፍ የለም። አንድም አልበቀለ። ዘር ሻጩን ሰደብኩት፤ አፈሩን ሦስት ጊዜ ለወጥኩት። እሷ ግን ማዶ ሆና እንደ ሣር ታበቅለዋለች። እንቅልፍ አሳጣችኝ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ።»

«አፈር ያለብሱት ነበር?»

ሽማግሌው መቀሱን መልሰው አነሡ። በግሪንሃውሱ ጥግ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ማዳበሪያ ጆንያ ነበር፤ ከጆንያው ጀርባ ብርሃን ይፈነጥቃል። መርማሪው ወደዚያ አንድ እርምጃ ሲራመድ ሽማግሌው ቀድመውት ሄዱና ጆንያውን ገለጡት። ሦስት ሳጥኖች ብርጭቆ ተከድነው ተቀምጠዋል። በአፈሩ ላይ የመርፌ ራስ የሚያህሉ አረንጓዴ ነጥቦች ፈልተዋል።

«ይኸው» አሉ ድምፃቸው እየሰለለ። «ሌባ በለኝ። ከአጥሩ ግንብ አንድ ጡብ ነቀልኩና አንድ ወር ሙሉ እጇን እያየሁ ተማርኩ። ይሄ ዘር ብርሃን ካላየ አይነቃም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስቀብረው ኖሬአለሁ። ውሃም ከላይ አታፈስበትም፤ ሳጥኑን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ እሱ ራሱ ከሥር እየሳበ ይጠጣል። በሰዓት አራት ሳጥን፤ አንድ ደቂቃ አትጨምር፣ አትቀንስ። ቆጥሬአለሁ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት ጧት የእኔ በቅሎ አገኘሁት። በአሥራ ስምንተኛው ቀን። በስድስት ሰዓት የእሷ ሬዲዮ ሲጠፋ፣ መዝራት ስትጀምር ማለት ነው፣ እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ጡቧን አልነቀልኩም። የራሴን እያየሁ ዋልኩ።» ባርኔጣቸውን በእጃቸው አሻሹ። «ልነግራት ነበር። ነገ እነግራታለሁ፣ ትሥቅብኛለች ብዬ።»

መርማሪው ወደ ቢሮው ተመልሶ ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ ስልክ ደወለ። ሰውየው ማክሰኞ ከጧት እስከ ማታ በአርባ ሠልጣኞች ፊት ነበር። ወደ እትዬ ማን ላከዎ ሲባል ማንም አልላከኝም አለ። የደወሏ እመቤት ራሷ ትዘራለች ሲባል ሰምቶ ወደ ሱቋ ሄዶ ነበር። «ሦስት ጥያቄ ጠየቅኋት፤ ለሦስቱም ፈገግታ መለሰችልኝ። ያን ጊዜ የሚዘራው ሌላ ሰው ነው አልኩና አድራሻውን ከመኪናዋ ሾፌር አገኘሁ።» እትዬ እሺ ያለችው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነበር፤ ታናሼም ትምጣ፣ እኔ ስዘራ እሷ ታሰካካለች ብላ።

በዘጠኝ ሰዓት ሁሉም በችግኝ ክፍሉ ተሰበሰቡ። አናጢው እጁ በካቴና ታስሮ በሩ አጠገብ ቆመ። ሽማግሌው ዱካ ተሰጣቸው። ታናሽ እህት ነጠላ ጫማዋ ወለሉን እንዳይነካ የፈለገች ይመስል በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማለች። ሃምሳ አለቃው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

«አንድ ነገር ብቻ ላረጋግጥ ነው የሰበሰብኳችሁ» አለ መርማሪው። «አንድ ሳጥን ሩብ ሰዓት ይፈጃል ትላላችሁ። እኔ በዓይኔ ማየት አለብኝ። እትዬ የለችም።» ወደ ታናሽ እህት ዞረ። «ከእሷ እኩል የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ይዝሩልን።»

ለጥቂት ጊዜ አመነታች። ሽማግሌው አዩዋት፤ አናጢውም አያት። ሁሉም እሷን ነበር የሚያዩት። አንገቷን ቀና አደረገች፤ እጅጌዋን ሰበሰበች። ባዶ ሳጥን ስባ ለም አፈር ሞላች፤ በመዳፏ አስተካከለች። ከከረጢቱ ዘር ቆንጥራ በተነች። ከዚያ ደቃቁን አፈር በሁለት እጇ ዘግና፣ በዘሩ ላይ እኩል አድርጋ፣ አሳምራ አለበሰችው። ማጠጫውን አንሥታ ከላይ አርከፈከፈች።

«ቀበረችው» አሉ ሽማግሌው። ለራሳቸው ነበር የተናገሩት፤ ግን ሁሉም ሰማ።

አናጢው ከቆመበት አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ሃምሳ አለቃው ክንዱን ያዘው፤ ግን አልገፋውም፤ እሱም ሳጥኑን ነበር የሚያየው።

«አራት ደቂቃ» አለ መርማሪው። ከአዲሱ ሳጥን ጎን ስምንተኛውን አምጥቶ አስቀመጠ። ሁለቱ እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። «ከጠረጴዛው ላይ ካሉት አሥራ ሁለት ሳጥኖች ሰባቱ የእትዬ ናቸው። ዘሩ ከአሸዋ ጋር ተነስንሷል፣ በጣውላ ተጭኗል፣ ብርሃን እንዲያይ ተትቷል፣ ውሃውን ከሥር ጠጥቷል። አምስቱ ግን አፈር ለብሰዋል፤ ውሃቸውም ከላይ ነው የመጣው። እትዬ ለአንድ ማንኪያ ብናኝ ሳምንት የምታኮርፍ ሴት ነበረች። አምስቱን የዘራው ሌላ እጅ ነው፤ በአራት በአራት ደቂቃ፣ ለሁሉም ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።

«ሰባት ሳጥን፣ በሰዓት አራት ከሆነ፣ ከስድስት ሰዓት ተነሥቶ ሰባት ሰዓት ከአርባ አምስት ያደርሰናል። ስምንተኛውን አልጀመረችም። እትዬ የወደቀችው በዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን ስምንት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ባሏ በእንጨት መሸጫው በአምስት ሰው መካከል እንጨት ይመርጥ ነበር።

«አሁን፣ ሰው ገድሎ የማይሮጥ፣ ቆሞ አምስት ሳጥን የሚዘራ ማነው? ሰዓቱን መግፋት የሚጠቅመው ሰው ነው። አናጢውን አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ካቴና ያስገባዋል። እኚህን ሽማግሌም አይጠቅማቸውም፤ ቀኑን ሙሉ ብቻቸውን ነበሩ፤ ቢመሽም ቢነጋም ምስክር የላቸውም። ደግሞም ሁለቱም ይሄ ዘር እንደማይሸፈን ያውቃሉ። አንዱ ተቆጥቶበት ነው ያወቀው፤ ሌላው ቀንቶ። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከስምንት ተኩል ጀምሮ እስከ ማታ ደንበኞቹ አጠገብ የነበረ ነው።»

ታናሽ እህት አፈር የነካ ጣቷን ታያለች።

«እንደማይሸፈን አንድም ሰው አልነገረኝም» አለች በመጨረሻ። «ሁሉም ዘር ይሸፈናል።»

«ቢጠይቋት ትነግርዎ ነበር።»

«ልትነግረኝማ ጀምራ ነበር።» ድምጿ ለደንበኛ የምትናገርበት መሆኑ ቀርቷል። «ያ ሰውዬ ሱቄ መጥቶ ሲጠይቀኝ መልስ እንዳጣሁ ነግሯታል። ስቄ ልሄድ ነበር። "ነይ ተቀመጪ እናቴ፣ ቅዳሜ ሰው ፊት እንዳታፍሪ ላሳይሽ" አለችኝ። ዱካ ሳበችልኝ። ለእኔ። አሥራ አምስት ዓመት አበባዋን ለሰው ዓይን ያበቃሁ እኔ ነኝ፤ እኔ ባልኖር ማን ያያት ነበር? አንድ ቀን ደጇ ሰው ቆመላትና ታዝንልኝ ጀመር። ስትቆጣኝ አድጌአለሁ፣ ችያለሁ። ያቺን ማዘን ግን አልቻልኩም።» «ገፋኋት። ገንዳው ከኋላዋ እንዳለ አላሰብኩም።»

«ከዚያ ዘሩ?»

«ከዚያ ሳጥኖቹን ቆጠርኩ።»

መርማሪው ባርኔጣውን ከጠረጴዛው አነሣ፤ አላደረገውም። የሚቀጥለውን መናገር እንደማይወድ ያስታውቅበታል። «ሐኪሙ ዛሬ በስድስት ሰዓት አንድ ነገር ነገረኝ። እትዬ ወዲያው አልሞተችም። አንድ ሰዓት ያህል ትተነፍስ ነበር። ሆስፒታሉ ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው።»

ታናሽ እህት ወደ ገንዳው ዞር ልትል ሞከረች፤ አንገቷ እምቢ አላት። «ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር» አለች። «አምስቱንም ስዘራ ዞሬ አላየኋትም።»

አናጢው ማንንም አልሰደበም፤ ግንባሩን ከበሩ መቃን ጋር አስደግፎ ቆመ። ሽማግሌው ከዱካቸው ተነሥተው ወደ እሱ ሄዱና አጠገቡ ቆሙ። ሃምሳ አለቃው መክፈቻውን ከኪሱ አውጥቶ ካቴናውን ፈታለት። በአፉ ውስጥ ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉተመተመለት።

በአሥራ አንድ ሰዓት የመጣው መኪና ታናሽ እህትን ይዞ ወደ ዋናው ማረፊያ ቤት ሄደ። አናጢው በዚያው ምሽት የሚስቱን አስከሬን ከሆስፒታል ተረከበ፤ ሐሙስ ከቀትር በፊትም ቀበራት።